ደብዛዛውን መብራት አሳልፋችሁ የተጠገነውን ለምን ጣላችሁት?

ግልጽ ደብዳቤ
የተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራን ለሚቆጣጠሩት የቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ሌላ በር ስላጣሁ ነው። በትክክል የተጠገነ የፊት መብራት ለምን እንደተጣለ መርማሪውን ስጠይቅ “አለቃዬን አነጋግር” አለኝ። አለቃው “በጽሑፍ አቅርብ” አሉኝ፤ አቀረብኩ። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እርስዎ ቢሮ ድረስ መጥቼም “ስብሰባ ላይ ናቸው” ተብዬ ተመልሻለሁ። እኔ መልስ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ እግራቸው ተሰበረ። ከዚህ በኋላ ዝም ብዬ ልጠብቅ አልችልም።

ሙያዬ የመኪና ኤሌትሪክ ነው። የምጽፍልዎት ስለ አንድ ደንበኛዬ ነው፤ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሚነዱት ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ሞተሩ ደህና፣ ፍሬኑ ደህና፤ የፊት መብራቱ ግን ከጎማው ፊት ብዙም አያልፍም ነበር። ደብረ ብርሃን ያሉ እህታቸውን ጠይቀው ማታ ሲመለሱ መንገዱ አልታይ እያላቸው፣ ዓይኔ ደክሟል ብለው ሐኪም ዘንድ ሄደው መነጽር አስቀይረዋል። ችግሩ ግን ከዓይናቸው አልነበረም።

ኮፈኑን ከፍቼ የቮልት መለኪያዬን (መልቲሜትር) ስሰካ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት አለ። መብራቱን አብርቼ አምፖሉ ሶኬት ላይ ስለካ 11.2 ሆኖ አገኘሁት። የቀረው ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። በብዙ አሮጌ መኪኖች የመብራቱ ኃይል በሙሉ ከባትሪ ተነሥቶ መሪው ሥር እስካለው ማብሪያ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይመጣል። ገመዱ ቀጭን ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ማያያዣዎቹ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል፤ ማሳው፣ ማለትም ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት ገመድ፣ የታሰረበት ቡሎን ደግሞ በቀለምና በዝገት ተሸፍኗል። በእያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ትንሽ ቮልት ይቀራል። የሃሎጅን አምፖል (ውስጡ ያለው ሽቦ ግሎ የሚያበራው የተለመደው አምፖል) ብርሃን የሚቀንሰው ግን በቮልቱ ልክ አይደለም፤ ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የጋሼ መኪና መስጠት ከሚገባው ብርሃን ግማሽ ያህሉን አጥታ ነበር። እንዲያም ሆና ቦሎ ስታገኝ ኖራለች።

ይህን የማያውቅ ሰው አምፖሉ ደከመ ብሎ በ100 ዋት ይቀይረዋል። በዚያ ቀጭን ገመድ ላይ ተጨማሪ ጭነት ሲመጣ ሶኬቱ ይቀልጣል። የቀለጠ ሶኬት ነቅዬ መጣል የዘወትር ሥራዬ ነው፤ አንዳንዱ የመኪናውን ገመድ ጭምር ይዞ ይቃጠላል።

ትክክለኛው ጥገና ቀላል ነው። ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወፍራም ገመድ አወጣሁ፤ ለአጭሩ መብራት አንድ፣ ለረጅሙ አንድ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ተቀስቅሶ ትልቁን ኃይል የሚያሳልፍ ማብሪያ) ሰቀልኩ። የድሮው ገመድ ከዚህ በኋላ ሪሌውን ከመቀስቀስ በቀር ሌላ ጭነት የለበትም። ማሳውን ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ በአዲስ ቡሎን አሰርኩ። አምፖሉ ያው 60/55 ዋት ኤች 4 ነው፤ አንድ ዋት አልጨመርኩም። ከዚያም መኪናዋን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቄ አቁሜ፣ የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አስተካከልኩ። ሶኬቱ ላይ ስለካ 13.5 ቮልት። ጋሼ የዚያን ዕለት ማታ ሰፈሩን ዞረው መጥተው እጄን ይዘው መረቁኝ።

ምርመራ ሲወስዷት ተጣለች። “ከፋብሪካ ያልወጣ ገመድ ተጨምሯል፤ ነቅለው ያምጡ” አሏቸው። አብሬያቸው ስለነበርኩ መርማሪውን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ፊውዙን አሳየሁት፣ ሪሌውን አሳየሁት፣ ቮልቱን በመሣሪያዬ ለክተህ እይ አልኩት። ሊያየው አልፈለገም። ጥግ ላይ የፊት መብራት መለኪያ ማሽን ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ እስክንወጣ ድረስ ለአንድም መኪና አልተገለጠም። ምርመራው “አብራ፣ አጥፋ፣ ረጅም፣ አጭር፣ ፍሬቻ” ነበር። ከበራ ያልፋል። ምን ያህል እንደሚያበራና ወዴት እንደሚያበራ የጠየቀ የለም።

በዚያው ሰልፍ ከፊታችን የነበረው ፒክአፕ ሰማያዊ የሚል የኤልኢዲ አምፖል አስገብቶ ነበር። እሱ አለፈ። የሃሎጅን መብራት አንጸባራቂ የተሠራው የምትግለው ሽቦዋ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ለምትገኝ አምፖል ነው። ኤልኢዲው ብርሃኑን የሚያወጣው በሌላ ቅርጽ ስለሆነ በብዙዎቹ ላይ ብርሃኑ ይበተናል፤ ባለቤቱ ከፊቱ ያለውን መንገድ ነጭ ሆኖ ሲያየው ጥሩ ይመስለዋል፣ ከፊት የሚመጣው ሰው ግን ይታወራል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄደው ቢጠይቁ ከሪሌ ይልቅ እሱን ነው ፈጥነው የሚያወጡልዎት፤ ለምን ቢሉ ምርመራ እንደሚያልፍ ስለሚታወቅ ነው።

ጋሼ ንቀልልኝ አሉኝ። አልነቅልም አልኳቸው። ሌላ ጋራዥ ወስደው አስነቀሉት፤ አልፈርድባቸውም፣ ያለ ቦሎ መንዳት አይችሉም። አምፖሉ በድሮው ገመድ ተመለሰ፤ መኪናዋም አለፈች። ክረምቱ ሳይወጣ ከደብረ ብርሃን ሲመለሱ ሸኖ አካባቢ ጉም ውስጥ ገቡ። ተበላሽቶ አስፋልት ላይ የቆመ አይሱዙ ነበር፤ የኋላ መብራቱ ጠፍቷል፣ ምልክቱ ድንጋይና ቅጠል ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪና በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ድንጋዩን ሲያዩት ፍሬን የሚይዙበት ቦታ አልቀረላቸውም። እግራቸው ከጉልበት በላይ ተሰበረ። ትራፊክ ፖሊሱ መዝገቡ ላይ “ፍጥነትን ከሁኔታው ጋር ባለማመጣጠን” ብሎ ጻፈ። መስታወቱ ላይ አዲስ ቦሎ ተለጥፏል፤ ስለዚህ መኪናዋ ጉድለት እንደሌለባት ተቆጠረ፣ ጥፋቱ በሙሉ የእሳቸው ሆነ።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። አይሱዙውን መንገድ ላይ የተወው ሰው ጥፋት እንዳለበት አውቃለሁ፤ ጉም እንደነበረም አልክድም። ነገር ግን እኒህ ሰውዬ መብራታቸውን በገዛ ገንዘባቸው አስጠግነው ነበር። ያስነቀላቸው የመንግሥት ሥልጣን የተሰጠው መርማሪ ነው። የነቀሉበትን ወረቀት ይዘዋል፤ “ተጨማሪ ገመድ” የሚል በእጅ የተጻፈ ቃል እንጂ የትኛው አንቀጽ እንደሚከለክል አይናገርም።

ስለ ተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 681/2002ን ለእርስዎ ማስረዳት የእኔ ሥራ አይደለም። ምርመራው ለምን እንደተደነገገ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑ እንዲረጋገጥ ነው። ፊቱ ያለውን መንገድ የማያሳይ መኪና በምን መለኪያ ብቁ ይባላል?

“አሮጌ መኪና ይጣል” የሚል መልስ እንዳይመጣብኝ አስቀድሜ ልናገር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ውሳኔዎቹን እዚህ አልከራከርም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ ጡረተኛ መምህር አዲስ መኪና አይገዛም፣ ያለችውን እየጠገነ ይነዳል። ዲኤክሱም፣ ሃይሩፉም፣ ቪትዙም ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ናቸው። ቪትዙማ የራሱ ጣጣ አለው፤ የመብራቱ ፕላስቲክ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ይደፈናል፣ ሰው በጥርስ ሳሙና ያሸዋል፣ ለጊዜው ጠርቶ ተመልሶ ይደፈናል። በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ከፀሐይ የሚከላከል ቀለም ካልተቀባ አይቆይም። ይህንንም መርማሪዎቻችሁ ሲያሳልፉት በየቀኑ አያለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመብራት መለኪያው ማሽን ይሥራ፣ ውጤቱም በቁጥር ተጽፎ ለባለመኪናው ይሰጠው። በፊውዝ የተጠበቀና የአምፖሉን ዋት ያልጨመረ የሪሌ ጥገና የተፈቀደ መሆኑ በጽሑፍ ለሁሉም የምርመራ ጣቢያ ይላክ። ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ የገባ ኤልኢዲ እየተለካ፣ የሚበትነው ይጣል።

የጋሼ መኪና አሁን እኔ ጋራዥ ናት። ፊቷ እየተቀጠቀጠ ነው፤ ሲያልቅ ሁለቱን ሪሌዎች መልሼ እሰቅላቸዋለሁ፣ ከዚያም ወደዚያው የምርመራ ጣቢያ እኔው ራሴ ይዣት እመጣለሁ። አሁንም ትጣላለች የምትሉ ከሆነ የምትጣልበትን አንቀጽ ቁጥር በማኅተም ጽፋችሁ ስጡኝ፤ ያንን ወረቀት ጋሼ ፍርድ ቤት ይዘውት ይቀርባሉ።

አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ
አዲስ አበባ