የዕድራችንን አዳራሽ ከእርጥበት ለመጠበቅ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እንዲሁም ከሰፈራችን ወጥታችሁ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፤

በደሴ ከተማ በጦሳ ተራራ ግርጌ የሚገኘው አዳራሻችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ዕድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ የተያዙትን መዝገቦች የምናስቀምጥበት፣ ከሰዓት በኋላም የሰፈሩ ልጆች የሚያጠኑበት ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ከሥር የተቀመጠው ድንኳን በእጥፋቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ፣ ግድግዳ የተጠጋው መዝገብም ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ተገኙ። ጣሪያው ግን አላፈሰሰም ነበር። እስከ ዛሬ መዋጮ የምንሰበስበው ካፈሰሰ በኋላ ስለሆነ፣ ሳያፈስ የገባውን እርጥበት ያየው ሰው አልነበረም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝና በልግም ክረምትም የሚዘንብባት በመሆኗ፣ ግድግዳ ደርቆ የሚከርምበት ጊዜ አጭር ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 200 ካሬ ሜትር በሚሆን ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር በርሜል 10 የሚሞላ ውሃ ይወርዳል። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተደፈነ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከግድግዳው ሥር ነው። ከዚያ በድንጋዩና በልስኑ ቀዳዳዎች ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣና ሲደርቅ ነጭ ጨው መሰል ብናኝ ትቶ ልስኑን ያረግፋል። በብርዳማ ሌሊት ደግሞ የቤቱ እርጥብ አየር ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሥር ጤዛ ሆኖ ስለሚንጠባጠብ፣ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ሳይበሳ «አፈሰሰ» ተብሎ ምስማር ይለወጣል።

መንስኤውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፎ ለአንድና ሁለት ቀን መተው ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከረጠበ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፣ ፊቱ ከረጠበ ደግሞ ከክፍሉ አየር ነው። ለመጀመሪያው ቦይ፣ ለሁለተኛው መስኮት ያስፈልጋል፤ ሁለቱን አምታቶ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ውስጥ ማፈን ይሆናል።

ድጋፋችሁን የምንጠይቀው አሸንዳውን ለመቀየር፣ በግድግዳው ዙሪያ ቦይ ለመቆፈር፣ የአየር እርጥበት መለኪያዎችን በአዳራሹና በዕቃ ቤቱ ለመስቀል፣ እንዲሁም የጣሪያውን እንጨት እርጥበት የሚለካ አንድ መሣሪያ ለመግዛት ነው። ከፍተኛውን ወጪ የሚወስዱት አሸንዳውና ቦዩ ናቸው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ መስኮት ይከፈታል፣ ዕቃም ከግድግዳ ይርቃል፤ የእንጨቱ ከ20 በመቶ ካለፈ አናጢ ይጠራል፤ የረጠበ ዕቃ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ስለሚጀምረው ወዲያውኑ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የውሃ ቆጣሪው ይነበባል፤ ጠዋት ቁጥሩ ጨምሮ ከተገኘ የተደበቀ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። መሣሪያ ብቻውን የሚያነበው ካጣ የግድግዳ ጌጥ ከመሆን አያልፍምና፣ በየሳምንቱ ለክቶ በመዝገብ ለሚያሰፍር አንድ ወጣት መጠነኛ የኪስ ገንዘብ ይታሰባል።

ገና ላላፈሰሰ ጣሪያ እጅ ዘርጉ ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። ሆኖም የድንኳኑ ምትክ ከዚህ ሁሉ በላይ ሊያስወጣን ስለሚችል፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ጠይቀናችኋል። ገንዘብ የማይመቻችሁ በሙያ፣ በቆርቆሮ፣ በድንጋይ ወይም በቁፋሮ ጉልበት ማገዝ ትችላላችሁ፤ ግንበኞችና የቧንቧ ሠራተኞች በተለይ ያስፈልጉናል። ሥራው ሰኔ ሳይገባ ማለቅ ስላለበት መዋጮው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንዲጠቃለል እንለምናለን። የሦስት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ገንዘቡን የሚቀበለው የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ሰው ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ሳይቀበል እንዳይሰጥ በአክብሮት እናሳስባለን።