የቅርስና ታሪክ ክበብ፦ በብራና ኅዳግ ላይ የቀረው ዓመት

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነበር፤ ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለውን የቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ ታሪክ መመዝገብ። የገጠር ደብር ታሪክ ራሱን ችሎ ተጽፎ አይገኝም። ያለው በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ሰፍሮ የስጦታና የመሬት ማስታወሻ ሆኖ ነው፤ ሌላው በአረጋውያን አፍ ነው።

አባላቱን ያደከማቸው ዓመቱን ማውጣት ነው። ጸሐፊው የዓመቱን ቁጥር ሳይጽፍ ንጉሡንና ዓመቱ የሚሰየምበትን ወንጌላዊ ጠቅሶ ያልፋልና። ለልምምድ ያዘጋጀነው «በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሐሙስ ኅዳር 12» የሚል ነበር። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ለ4 ተካፍሎ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ቴዎድሮስ የነገሡት ከ1847 እስከ 1860 ስለሆነ 1849፣ 1853 እና 1857 ይቀራሉ። የጳጳሱ ስም ቢጠቀስም አይለይም፤ አቡነ ሰላማ በሦስቱም ዓመት ነበሩ። የሚለየው ዕለቱ ነው። የ1849 ዓመተ ዓለም 7349 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1837 ይደርሳል (መጠነ ራብዒት ይሉታል)፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9186፣ በ7 ሲገደፍ (ሲካፈል) 2 ይተርፋል። ትርፉ መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ይነግራል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ ነው፤ መስከረም 1 ረቡዕ ከዋለ ኅዳር 12 ሐሙስ ይውላል። ኅዳር 12 በ1853 ማክሰኞ፣ በ1857 እሑድ ስለሚውል መልሱ 1849 ነው። ብዙዎቹ የተሳሳቱት በስልክ አስልተው 1837.25ን እንዳለ በመደመራቸው ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ይጣላል። ቀለሙ በደበዘዘበት ደግሞ ፮ን ፯ ብሎ ማንበብ አለ።

አረጋውያንን «መቼ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። «ከመሬት አዋጁ በፊት ነው በኋላ?» ሲባሉ ግን መልሱ ቦታውን ይይዛል፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነውና። ጥያቄው ሌላም በር ይከፍታል። ቤተ ክርስቲያን የመሬት ገቢዋን ያጣችው ያኔ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ አገልጋዮቹን የያዘው የምእመናን መዋጮ ነው። ለቅዳሴ ቢያንስ 2 ቄስና 3 ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አንዱ ለእንጀራ ፍለጋ ከተማ ከገባ ቅዳሴው ይታጎላል።

የሰንበቴው መዝገብም ጠቅሟል። ዳቦና ጠላ የሚያወጣው ተረኛ ስሙ በተራ ስለሚጻፍ፣ የትኛው ቤተሰብ መቼ እንደገባና እንደወጣ ከዝርዝሩ ይነበባል።

በፎቶው ሥራ ፍላሽ አይበራም፤ ቅጠሉን የሚገልጠው ዲያቆኑ እንጂ ተማሪ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፎቶ የመጽሐፉ ስም፣ የቅጠሉ ቁጥርና ፊት ወይም ጀርባ መሆኑ ወዲያው መጻፍ ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ይህ ስላልተደረገ ከፊሉ ፎቶ የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አልታወቀም፤ በመጪው መስከረም እንደገና ይነሣል።