ሙዚየሙ ተከፍቷል፤ ባለሙያውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዲስ አበባ ውስጥ በመስከረም 2015 ዓ.ም የሳይንስ ሙዚየም፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍተዋል። ደስ ያሰኛል። ሕንፃው በጥቂት ዓመት ይቆማል። ሥዕል አይቶ ዘመኑን የሚለይ፣ ብራና ለምን እንደተኮማተረ የሚያውቅ ሰው ግን ከመጀመሪያ ዲግሪው በኋላ አምስትና ስድስት ዓመት መማር ይኖርበታል። ይህን ሙያ ውጭ አገር ሊማሩ የሚሹ ወጣቶች «ለእኛ መስክ ገንዘብ የለም» እያሉ ወደ ሌላ ትምህርት ሲዞሩ ማየት ያሳዝነናል። ገንዘቡ አለ፤ የሚንኳኳው ግን ሌላ በር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት አሜሪካን በሚመለከት የሚሠራው ነው። እዚያ የሙዚየም ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ በአብዛኛው ተማሪው ከኪሱ የሚከፍልበት ነው። በሥነ ጥበብ ታሪክ ሦስተኛ ዲግሪ የሚሰጡት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለተቀበሉት ተማሪ የትምህርት ክፍያውን ያነሡለታል፤ አምስት ዓመት ገደማም አበል ይከፍሉታል። ማስተርስ ሳይዙ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት የሚቻልባቸው ክፍሎችም ብዙ ናቸው። «መጀመሪያ ማስተርሴን ልያዝ» የሚል አመልካች ነፃውን ትቶ የሚከፈልበትን ይመርጣል። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያውን በዶላር መክፈል የማይችል ሰው ቀኑ ከመድረሱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ክፍያው እንዲነሣለት በኢሜይል ይጠይቅ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ያነሣሉ።

አመልካቾች በብዛት የሚወድቁት ከማመልከቻው ጋር በሚላከው የጽሑፍ ናሙና ነው። ከ15 እስከ 25 ገጽ ሲጠየቁ ስለ ቱሪስት ፍሰት በመጠይቅ የሠሩትን የመመረቂያ ጽሑፍ ይልካሉ። ገምጋሚው የሚፈልገው ዓይን ነው። ለምሳሌ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሠራውን ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንን የሚያነሣ ሰው የእመቤታችንን እጅ አሣሣል፣ የልብሱን እጥፋት፣ የጣውላውን ዝግጅትና የቀለሙን አቀባብ እያነጻጸረ መከራከር አለበት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ሥዕል ላይ ማሳየት ሃያ ገጽ ከሚሞላ አጠቃላይ ታሪክ ይበልጣል። ሌላም አለ፦ ግእዝ የሚያውቁ አመልካቾች ይህን ሳይጽፉት ያልፋሉ። የሦስተኛ ዲግሪ ክፍሎች ሁለት የምርምር ቋንቋ ሲጠይቁ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ብቻ ማለታቸው አይደለም። በኢትዮጵያ ጥበብ ላይ ለሚሠራ ሰው ግእዝ ዋናው መሣሪያው ስለሆነ ለምን መማር እንደሚፈልግ በሚገልጽበት የማመልከቻ ድርሰት የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ።

አበሉ ሲመጣ ግብሩን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ በተማሪ ቪዛ ለሚገባ ሰው ለኑሮ ከሚሰጠው የስኮላርሺፕ ገንዘብ ላይ በአብዛኛው 14 በመቶ ይቀነሳል። ከ30,000 ዶላር 4,200 ዶላር ሄደ ማለት ነው። አበሉ የዘጠኝ ወር ይሁን የአሥራ ሁለት ወርም ይጠየቅ፤ ክረምቱን ያለ ገቢ መክረም ከባድ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪ ብቻ ለሚፈልግ አውሮፓ ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት በሚሰጠው የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የአውሮፕላን ቲኬቱም፣ ቪዛውም፣ የቤት ማስያዣውም ከዚሁ ገንዘብ የሚወጣ ስለሆነና የመጀመሪያው ክፍያ ብዙ ጊዜ እዚያ ከደረሱ በኋላ ስለሚገባ፣ የመነሻ ገንዘብ ከአሁኑ ይቆጠብ። የብሪታኒያ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሸፍናል፤ ከምረቃ በኋላ ግን ሁለት ዓመት አገር ቤት መቆየት ግዴታ ነው። ከ12 ወር የሚያልፍ ትምህርት ስለማይሸፍን፣ ሁለት ዓመት በሚወስደው የቅርስ ጥገና ትምህርት ማመልከት ልፋትን ማባከን ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕንም የሚሞሉ አሉ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች አይመለከተንም። የእንግሊዙ ኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ግን የአፍሪካን ጥበብ የሚያስተምር የሴንስበሪ የምርምር ክፍል ስላለው ሊታይ ይገባል። ጀርመን ውስጥ ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ብራናዎች ጥናት የታወቀ ነው።

የቅርስ ጥገና መማር የሚፈልጉ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መውሰድ እንዳለባቸው ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሳሉ ይወቁ። የደላዌር ዩኒቨርሲቲና የዊንተርተር ሙዚየም በጋራ የሚሰጡትን የመሳሰሉ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ለተማሪዎቻቸው አበል ቢከፍሉም፣ ኬሚስትሪ የሌለውን አመልካች አይቀበሉም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የትርፍ ጊዜና የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። በሙዚየም ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ያገለገለ ወጣት በ140 ሳምንት ይሞላዋል። ከሥራ ቦታው የሚሰጠው ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመሥሪያ ቤታችን አገልግሏል» ብሎ ያበቃል። ሰዓቱ የለም፤ መዝገብ ሠራ፣ ዕቃ ቆጠረ ወይስ ጎብኚ አስጎበኘ አይታወቅም። ስለዚህ ሙዚየሞችና የቅርስ መሥሪያ ቤቶች በሦስት ነገር እንዲተባበሩ እንጠይቃለን። የልምድ ደብዳቤው የሳምንቱን ሰዓትና የሠራውን ሥራ ይዘርዝር፤ በእንግሊዝኛም ይሰጥ። ለትምህርት የሚሄድ ሠራተኛ የሥራ መደቡ በጽሑፍ ይጠበቅለት፤ ይህ ደብዳቤ ለቪዛ ቃለ መጠይቅም ይረዳዋል። ሦስተኛ፣ አለቆች የድጋፍ ደብዳቤውን አመልካቹ ራሱ ጽፎ እንዲያመጣ አያዝዙት፤ የአመልካቹ ድርሰትና የድጋፍ ደብዳቤው አንድ ቃና ሲኖራቸው ገምጋሚው ያውቀዋል።

ለተመራቂዎችም አንድ ማሳሰቢያ፦ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባችሁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ትቸገራላችሁ። ጉዳዩን በክረምት ጨርሱት፤ በታኅሣሥ የሬጅስትራር ደጃፍ ላይ ሰልፍ ይዞ ቀኑን ያሳለፈ ብዙ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በሙዚየምና በቅርስ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ