ስለ አየርላንድ ስደተኞች ጋዜጦች፦ የማፈላለጊያው ገጽ ተዘንግቷል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የገቡ አየርላንዳውያን ስላሳተሟቸው ጋዜጦች ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁንና ጸሐፊው የስደተኛውን ማንነት የቀረጹት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተጻፉት ርእሰ አንቀጾች ናቸው ብለው መደምደማቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ዋነኛውን ገጽ የዘለለ ነው።

ገጹ በቦስተኑ የካቶሊኮች ጋዜጣ በ«ፓይለት» ላይ ከ1831 እስከ 1921 እ.ኤ.አ. ይወጣ የነበረው የጠፉ ዘመድ ወዳጆች ማፈላለጊያ ሲሆን፣ በጠቅላላው ወደ 45 ሺህ የሚጠጉ ማስታወቂያዎች ታትመውበታል። ሚስት ባሏን ወይም እህት ወንድሟን ስታፈላልግ ስም ብቻ መጥቀስ አይበቃትም፤ ጆን መርፊ የሚባል ሰው በየከተማው ሞልቷልና። ስለዚህ የተወለደበት አውራጃና አጥቢያ፣ የተሳፈረበት መርከብ፣ የወረደበት ወደብ፣ በመጨረሻም ወሬው የተሰማበት የባቡር ሐዲድ ወይም የቦይ ሥራ እየተዘረዘረ ይጻፋል።

እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ራሳቸውን የሚያውቁት በአውራጃቸው ነበር። በ1834 በሜሪላንድ ቦይ ይቆፍሩ የነበሩት የኮርክና የሎንግፎርድ ሰዎች እርስ በርስ ተገዳድለው፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጃክሰን ጦር እስከ መላክ ደርሰዋል። እንዲህ ያለው ሠራተኛ፣ በተለይ ከ1845ቱ ረኃብ ወዲህ፣ የማያውቀው የማዮ አውራጃ ሰው ሐዘን ከራሱ አጥቢያ ሐዘን ጋር በአንድ ዓምድ ታትሞ ሲያነብ ወይም ሲነበብለት፣ የአንድ ሕዝብ ልጅ መሆኑን ለመረዳት የማንም ስብከት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ርእሰ አንቀጽ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። «ፓይለት»ን እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1890 ያዘጋጀው ጆን ቦይል ኦራይሊ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በማሤሩ ወደ አውስትራሊያ ተግዞ በ1869 በአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ያመለጠ ሰው ነው። ፓትሪክ ፎርድም በ1870 ኒው ዮርክ ውስጥ የመሠረተው «አይሪሽ ወርልድ» ለአየርላንድ ገበሬዎች የመሬት ትግል ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ያዋጡትን ሰዎች ስም ያትም ነበር። ጋዜጣው እጁ የገባ ቀን ሠራተኛው ቀድሞ የሚያየው ያንኑ ዝርዝር ይመስለኛል።

ጸሐፊው ቀጣይ ክፍል ካላቸው፣ ከማስታወቂያዎቹ ጥቂቱን እንዳሉ ተርጉመው እንዲያወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ