ሞተር ብቻ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ዕትማችሁ የእስራኤሉን ተዋጊ ጄት ክፊርን «የሚራዥ ግልባጭ» ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ እዚህ ሐረር ፔጆ 404 የምጠግን መካኒክ ነኝ፤ ነገሩ እንደዚያ አይቀልም። የፈረንሳዩ ሚራዥ 5 አካል ውስጥ የገባው የአሜሪካው ጄ-79 ሞተር ነው፤ ያው ፋንተም የተባለው የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ሞተር። ከሚራዡ ሞተር፣ ከፈረንሳዩ አታር፣ ያጥራል፣ ሙቀቱም ያይላል። ስለዚህ የኋላው አካል አጠረ፣ ሰፋም። የአየር ማስገቢያዎቹ ተለቁ። ቀጥ ብሎ በቆመው ጭራ ሥር እንኳ ለማቀዝቀዣ ሌላ የአየር አፍ ተከፈተ። በኋላ ደግሞ ከክንፉ ፊት ትንንሽ ክንፎች ተጨመሩ።

እኔም አንዴ ለአንድ ፔጆ የሌላ መኪና ሞተር ስገጥም ራዲያተሩን ጭምር መቀየር ግድ ሆነብኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ባለቤቱ ግን «ሞተር ብቻ አይደል እንዴ የቀየርከው?» ብሎ ዋጋ ተከራከረኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሐረር