ስለ ኮይባ፦ እስረኞቹስ?

ለአዘጋጁ፣

ስለ ፓናማዋ ኮይባ ደሴት ያወጣችሁት ጽሑፍ ግሩም ነው። ግን «ያልተነካ ገነት» ብላችሁ አለፋችሁት። ለምን እንዳልተነካ አልነገራችሁንም።

እንደ ፈረንጆቹ ከ1919 እስከ 2004 ደሴቱ እስር ቤት ነበር። በፓናማ ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን ወደዚያ ተግዘው ደብዛቸው የጠፋ የፖለቲካ እስረኞች አሉ። ባሕሩ ሻርክ፣ ወንዙ አዞ። ማን ደፍሮ ይሄዳል? በዋናው ምድር ደኑ ለግጦሽ ሲመነጠር የኮይባ የተረፈው በዚሁ ሰበብ ነው። ቀዩ ማካው በቀቀንም ከአብዛኛው ፓናማ ሲጠፋ፣ እዚያ ዛሬም ጥንድ ጥንድ ሆኖ እየጮኸ ይበራል።

እኔን የገረመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ብሔራዊ ፓርክ የተባለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እስረኞቹ ገና ሳይወጡ ነው! ዩኔስኮ በ2005 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የእስር ቤቱ እርሻ ከብቶች እንኳ ዱር ገብተው ቀርተዋል።

የእስረኞቹ ክፍሎች አሁን በዝናብና በሐረግ እየፈረሱ ነው። በቀቀኑ ጥበቃ አለው፣ ደስ ይላል። ለግድግዳዎቹም ጣሪያ ቢሠራላቸው፣ የጠፉት ሰዎች ስምም ቢጻፍባቸው ምን ነበረበት? እናንተም በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ይህንን ብታነሱልን።

ከአንባቢያችሁ አንዱ