ፊርማዬን የሸጥኩበት ሕንፃ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለዲሲ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ለዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለቤቶችና ማኅበረሰብ ልማት መምሪያ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ አይደለም። ከተማችሁ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ ቢሮዎቻችሁ ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለሆነ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፤ እንዳንምታታ።)

ሾው ሰፈር፣ ከናይንዝ ስትሪት ገባ ብሎ፣ አሥራ ሁለት በር ባለው አንድ አፓርታማ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ የሀበሻ ቤት ነበር። ምድር ቤት አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። እኛ እማማ ነበር የምንላቸው። ቡና ሲቆላ ሽታው ይጠራቸዋል። ፈንዲሻውን ይወዱታል፤ ቡናውን ግን በሦስት ማንኪያ ስኳር ካልሆነ አይቀምሱትም።

በ2013 ከአከራያችን ወረቀት መጣ። እንግሊዝኛ ብቻ። አንዳንዶቻችን ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር አብረን ጣልነው። እኔ ራሴ ገረፍ አድርጌ አየሁትና "ኪራይ ሊጨምሩ ነው" ብዬ ለጎረቤት ተረጎምኩ። ለካ ሕንፃው ሊሸጥ ነው። በ1980 በወጣው፣ ሰው ሁሉ ቶፓ በሚለው ሕግ፣ ባለቤቱ ለሌላ ከመሸጡ በፊት ለተከራዮቹ የመግዛት ዕድል መስጠት አለበት። ሕንፃው አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ካለው፣ ተከራዮቹ በ45 ቀን ውስጥ ማኅበር አቋቁመው እንፈልጋለን ማለት ነበረባቸው። መብቱን ለሌላ ገዢ አሳልፈው መስጠትም ይችሉ ነበር። የኛ ነገር የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

ቀኑ ሊያልቅ ሲል የአንድ ገዢ ኩባንያ ሰው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበን። ለእያንዳንዱ ቤት 20,000 ዶላር፤ ፈርሙና ልቀቁ። ማድረቂያው ይንጓጓል፣ ማንም አላጠፋውም። አንዱ ጎረቤታችን ስልኩን አወጣና ገንዘቡን በብር መነዘረው። ከዚያ በኋላ ማን ይስማ! እጃቸውን ያወጡት እማማ ብቻ ናቸው። "እኛ ብንገዛውስ፣ ለያንዳንዳችን ስንት ይደርሰናል?" አሉ። ሰውዬው ሳቅ ብሎ ወረቀቱን ማደል ቀጠለ። እማማ ወደኛ ዞሩ። "እናቴ ልትገዛ ስትል ጥቁር አይገዛም አሏት። እኔ ልግዛ ስል ደግሞ መብትሽን ሽጪ ይሉኛል።"

ያኔ አልገባኝም። ፈረምኩ።

የገባኝ ከዲሲ ወጥቼ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ በኋላ፣ ስለ ሰፈሩ ማንበብ ስጀምር ነው። ከሕንፃችን ብዙም ሳይርቅ፣ ብሉሚንግዴል ውስጥ ብራያንት ስትሪት ላይ፣ የአንዳንዱ ቤት ውል "ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም" ይል ነበር። ጥቁር ቤተሰቦች ገዝተው ሲገቡ ነጭ ጎረቤቶቻቸው ከሰሷቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ሊያስፈጽሙ አይችሉም ተባለ። ነጮቹ ከከተማው ወጡ። በ1970 ከአሥር የዲሲ ነዋሪ ሰባቱ ጥቁር ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉ ጊዜ፣ ዩ ስትሪትና አካባቢው ተቃጥሎ ብዙው ለዓመታት እንዳልነበር ሆኖ ቆየ። የሜትሮ ባቡሩ ዩ ስትሪት የደረሰው በ1991 ነው። ኪራዩ ገና ሳይወደድ የኛ ሰዎች ከአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ወደዚያ ወርደው ምግብ ቤት ከፈቱ። ነጮቹም እኛን ተከትለው ተመለሱ። በ2011 ጥቁሩ ከከተማው ሕዝብ ከግማሽ በታች ሆነ።

በ2005 ናይንዝ ስትሪት አካባቢ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ይባል ሲባል ነባሮቹ ጥቁሮች ተቃወሙ። ያኔ ተናድጄ ነበር፤ ምቀኝነት መስሎኝ። አሁን ግን እውነት ነበራቸው እላለሁ። የጃዙ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። ቤቱ ከእጃቸው እየወጣ ነው፤ እኛ ደግሞ ስሙን እንውሰድ አልን።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ቅጽ ስንሞላ እኔም እማማም ምልክት የምናደርገው "ጥቁር" የሚለው ሳጥን ላይ ነው። እሳቸው ወጥተው በቦታቸው አንድ ሀበሻ ሐኪም ቢገባ ቁጥራችሁ ንቅንቅ አይልም። እሳቸው ግን የሉም። በቶፓ በኩል ያለፈ ሕንፃ ሁሉ፣ ማን ይኖር እንደነበር፣ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ማን ገንዘብ ተቀብሎ እንደወጣ፣ በመጨረሻ ማን እንደገዛ፣ ስም ሳትጠቅሱ ሕንፃ በሕንፃ አውጡት። የኛ ሕንፃ ዛሬ ኮንዶ ሆኗል። የኔ የድሮ ኩሽና መስኮት ላይ የሸክላ አበባ ተደርድሯል፤ ያምራል፣ አልዋሽም።

የቋንቋ ሕጉ የሚይዘው የመንግሥትን ቢሮ ነው። የሽያጩን ወረቀት የሚልከው ግን ባለቤቱ ነው። ማንም ተከራይ መብቱን አሳልፎ ከመፈረሙ በፊት ወረቀቱ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት። አስተርጓሚውም የገዢው ሰው አይሁን። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ያስተረጎመልን ልጅ ማን እንደከፈለው እስካሁን አላውቅም።

ሌላው እቁብ ነው። ያን ቀን ከፈረምነው ውስጥ አራታችን በአንድ እቁብ ነበርን። ገንዘብ የለንም የምንለው እንግዲህ ያንን ይዘን ነው! በኋላ ሜሪላንድ ቤት ልገዛ ስል፣ የባንኩ ሰው ሂሳቤ ውስጥ የገባውን የእቁብ ዕጣ አይቶ "ይሄ ከየት መጣ?" አለኝ። ደብተሩን አሳየሁት፤ ኮስተር ብሎ መለሰልኝ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። እናንተ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ እስከ 202,000 ዶላር የምታበድሩበት ፕሮግራም አላችሁ። የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የፈረሙበትን ደብተር እንደ ቁጠባ ማስረጃ እንደምትቀበሉ በግልጽ ጻፉልን። ባንኮቹም ከናንተ አይተው ይለምዱ ይሆናል።

እማማ አሁን ሜሪላንድ፣ ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ) ካውንቲ ልጃቸው ጋ ናቸው። ለፋሲካ ቡና ይዤ ሄጄ ነበር። "ሃያው ሺህ ምን ሆነ?" አሉኝ። መኪና ገዛሁበት። መኪናው ከሞተ ቆየ።

መልሳችሁን በአማርኛ እጠብቃለሁ። እንግሊዝኛውንም አያይዙልኝ፤ ለእሳቸው እወስድላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞው የቤት ቁጥር 7 ተከራይ